ሠላሳ ሁለተኛው ሸክላ

መኪናዋ ከኦክላንድ ወጥታ 880 የሚባለውን አውራ ጎዳና ስትይዝ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። መሪውን የያዘችው ደላይት ናት። ከጎኗ አያቷ አደይ አስመረት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ከኋላ ወንበር ላይ መምህር ሰርፀ ረዣዥም እግሮቹን አጣጥፎ፣ ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ ሳያወጣ ሳን ሊያንድሮን አለፈ፤ ሄይዋርድንም አለፈ። ኪሱ ውስጥ ከመዳፍ የማትበልጥ የሸክላ ስባሪ አለች። ሰባት ወር ሙሉ በጫማ ካርቶን ደብቆ ያቆያት ናት፤ ዛሬ ጠዋት ለምን እንደያዛት ግን ለራሱም በቅጡ አልነገረውም።

ግንቦት ፳፻፲፭ ዓ.ም፣ ቅዳሜ። የሚሄዱት ሳን ሆዜ፣ ሻምበል አንደማርያም ቤት ለለቅሶ ነው። የሻምበል ባለቤት ወይዘሮ ዘነቡ በዚያው ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ ትቀበራለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ መንገድ በዕድሩ ሰዎች መኪና ይሞላ ነበር። ሃያ አራት ዓመት የዕድሩ ሊቀ መንበር ሆኖ የሰውን አስከሬን ሲያነሣ፣ ጋራዥ አስጠርጎ ለቀስተኛ ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ሚስቱ ሞታ ማን ቤቱ ይቀራል? ነገር ግን የከለከለው ሻምበል ራሱ ነው። «ሕዝብ በድምፅ ብልጫ ለአንድ ዓመት አስወጥቶኛል፤ ዓመቱ ሳይሞላ ከዕድሩ አንድም ሰው እንዳይመጣብኝ» ብሎ ልኮባቸዋል። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ደግሞ አይደለም። ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ያሠለጠነው፣ ሰባ አራት ዓመት ሞልቶት እንኳ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ ሰው ነው።

ሻምበል በሸክላ ከዕድር የወጣበትን ነገር ከሥሩ መንገር ያስፈልጋል፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

በ፲፱፻፺ ዓ.ም ኢትዮጵያና ኤርትራ ሲዋጉ በዚህ አገር ያልተከፈለ ነገር አልነበረም። ዕድሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የኳስ ቡድኑም ለሁለት ተሰነጠቀ። የኦክላንዱ ዕድር ግን እንዳይሰነጠቅ ሁለት ሰዎች ካስትሮ ቫሊ ውስጥ አንድ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ደንብ ጻፉ። አንዱ የአስመራ ልጅ ሻምበል አንደማርያም ነው። ሌላው አዲስ አበባ ዐሥራ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማረው ሰርፀ ነው። ሰርፀ አሜሪካ ከመጣ ጀምሮ አፕታውን በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ጋራዥ መኪና ሲያቆም ኖሯል፤ በልቡ ግን ከመምህርነቱ አንድ ቀን ወርዶ አያውቅም። በተለይ የግሪክ ነገር ከተነሣ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ እሱ አያቆምም።

«አቴናውያን» አለ ያን ቀን፣ «ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተጣልተው ከተማውን ሊከፍሉት ሲሉ ምን ያደርጉ ነበር መሰለህ? ሕዝቡ በሸክላ ስባሪ ላይ የአንዱን ስም ይጽፋል። ብዙ ሸክላ የወጣበት ሰው ዐሥር ዓመት ከአገር ይወጣል። ክስ የለም፣ ወንጀለኛ መባል የለም፤ ንብረቱም ክብሩም እንዳለ ይቆየዋል። ስድስት ሺህ ሰው ድምፅ መስጠት ነበረበት።»

ከስድስት ሺሁ ሁለት ዜሮ፣ ከዐሥሩ ዓመት አንድ ዜሮ ቀነሰና አንቀጽ ፲፬ ብሎ አሰፈረው። ስልሳ ሰው ድምፅ ከሰጠ፣ አብላጫ የወጣበት ሰው ለአንድ ዓመት ከዕድሩ ይርቃል። ሻምበል ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ሕግ ማለት ይሄ ነው! ከመሰዳደብ ያድነናል» አለ።

የመምህሩ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። አቴና ከተማ ናት፤ ዕድር ግን የሞት ጉዳይ ነው። አቴናዊው ቢወጣ ሌላ አገር ሄዶ ይኖራል። ከዕድር የወጣ ሰው የትም አይሄድም፤ እቤቱ ተቀምጦ ሞት ሲመጣበት ብቻውን ይቀበለዋል። ለቀብር ማኅበር ከአቴና ሕግ መፈለግ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ይህን ግን የግሪክን ታሪክ የማያውቁ ሴቶች ቢጠየቁ ወዲያው ይነግሩት ነበር፤ ማን ጠየቃቸው?

አንቀጹ ሃያ አራት ዓመት ተኝቶ ቆየ። ባለፈው ጥቅምት ነው የነቃው። በዲቪ የመጣው፣ ሬድውድ ሲቲ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ምክትሉ አምሃ «የሞት መርዶ እየደወልን መናገር ይቅር፤ በአፕ ይላክ» አለ። ሻምበል «መርዶ በሰው አንደበት ነው የሚነገር» ብሎ ሽንጡን ገተረ። ወጣቱ ከአምሃ፣ ሽማግሌው ከሻምበል ጋር ቆመ። ስብሰባው ጩኸት ብቻ ሆነ፤ ሁለት ለቅሶ ላይ ሰዎች ሰላም ሳይባባሉ ተለያዩ። በመጨረሻ አንድ ሰው አንቀጽ ፲፬ን አስታወሰ።

ሰርፀ፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ደስ አለው። ስድስት የአበባ ማሰሮ ገዝቶ፣ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልሎ፣ የዕድሩ አዳራሽ ደጃፍ በመዶሻ ሰባበረው። «መምህር፣ ዕድሩን ልታፈርሰው ነው ልትሠራው?» ብለው እናቶች ሳቁበት። ስልሳ ሦስት ሰው ድምፅ ሰጠ። ሲቆጠር ሻምበል ላይ ሠላሳ ሁለት፣ አምሃ ላይ ሠላሳ አንድ ሸክላ ወጣ። ሻምበል ተነሣ፣ የአዳራሹን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

«ደላይት፣ ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ» አሉ አደይ አስመረት መኪናው ፍሪሞንት ላይ ሲንቀረፈፍ።

«አደይ፣ ኢትስ ትራፊክ። ዋት ካን አይ ዱ?» አለች ደላይት።

«ዘነቡ በሞተች በሦስተኛ ቀኗ እኮ ነው የሰማሁት» አሉ አሮጊቷ ወደ ኋላ ዞረው። «መርዶዋ በዚያ ስልክ ላይ መጥቶ ተቀምጧል አሉ። እኔ ምን አነባለሁ? ይቺ ልጅ ከሥራ መጥታ ባታይልኝ ዛሬም አልሰማም ነበር። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ጓደኛዬ ናት፣ ሰርፀ።»

«አውቃለሁ፣ አደይ።»

«ይህ እንደሚመጣ አውቄ ነው እኮ አምሃ ይውጣ ያልኩት። ልጁን ጠልቼው አይደለም። ባለፈው ፋሲካ ቤቴ መጥቶ እግሬን አጥቦኛል። ግን ያ ነገሩ ከመጣ እኔን የሚያስበኝ የለም አልኩ። የኔ አንድ ድምፅ ምን ታደርግ! በአንድ ሰው ተበለጥን።»

ሰርፀ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየ። ኪሱ ውስጥ ያለውን ሸክላ ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል።

ነገሩ ይህ ነው። መጻፍ ለማይችል ሰው ጸሐፊው ይጻፍለት ይላል ደንቡ፤ ደንቡን የጻፈው ሰርፀ ነው፤ ጸሐፊውም ሰርፀ ነው። ያን ቀን አደይ አስመረት አጠገቡ ተቀምጠው ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው «አምሃን ጻፍልኝ» አሉት። ሸክላውን አነሣ። ጥቁሩን እስክሪብቶ ከፈተ። ቀና ሲል ሻምበል ማዶ ቆሞ በእጁ ሰዓቱን እየተመለከተ ነበር። ያን የሰዓት አተያይ ሰርፀ ያውቀዋል።

ከስድስት ዓመት በፊት ሚስቱ ፋንታዬ ስትቀበር ሰርፀ የሕይወት ታሪኳን ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፎ፣ ሁለት ሌሊት አንብቦ አጥንቶ ነበር የቆመው። አንደኛውን ገጽ ጨርሶ ሁለተኛውን ሲገልጥ ሻምበል ሰዓቱን አየና ትከሻውን ያዝ አደረገው። «መምህር፣ የመቃብሩ ሠራተኞች ሊወጡ ነው» አለው። ወረቀቱን አጥፎ ወረደ። ፋንታዬ ከሱ ጋር እንዴት እንደተዋወቀች፣ ሱዳን ላይ እንዴት ታማ እንደዳነች፣ ምን ትወድ እንደነበር ሳይነገርላት ተቀበረች። ሻምበል ትክክል ነበር፤ ሠራተኞቹ በእርግጥ ሊወጡ ነበር። ሰርፀ ይህንን ያውቃል፤ ማወቁ ግን ምንም አልጠቀመውም። ስድስት ዓመት አብሮት ሲስቅ፣ አብሮት ቀብር ሲያስተባብር፣ ያን ቀን ሆዱ ውስጥ ይዞት ኖረ።

እና እጁ «አንደማርያም» ብሎ ጻፈ። ቆንጆ አድርጎ ነው የጻፈው። አደይ አስመረት «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ሸክላውን ተቀብለው፣ ራሳቸው ሄደው ሳጥኑ ውስጥ ጨመሩት። ከቆጠራው በኋላ ሰርፀ ያችን ሸክላ ከክምሩ ለይቶ ኪሱ ከተታት።

ተማሪ ቤት ሲያስተምር በጣም የሚወዳት አንዲት ታሪክ ነበረችው። አንድ መሃይም የአቴና ገበሬ ሸክላውን ለማያውቀው ሰው ይሰጥና «አሪስቲደስ ብለህ ጻፍልኝ» ይለዋል። ሰውየው ራሱ አሪስቲደስ ነው። አንድ ቃል ሳይናገር የገዛ ስሙን ጽፎ ይመልስለታል። ሰርፀ ይህን ሲጨርስ ጠመኔውን አስቀምጦ ልጆቹን ዝም ብሎ ያያቸው ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት እያስተማራት፣ ተራው ለራሱ ሲደርስ ምን እንዳደረገ አሁን ያስበዋል። ያፍራል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ግን በየቀኑ ሲከብድበት ሰባት ወር ሞላው።

ዛሬም ቢሆን ሊናዘዝ አስቦ አልነበረም የመጣው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አደይ አስመረትን ይዟቸው የመጣው ሻምበል የሳቸውን ቃል አይገፋም ብሎ ነው። እሳቸው ቢለምኑት፣ እሱም እሺ ቢል፣ ሰው ይመጣል፣ ዘነቡ በክብር ትቀበራለች፣ የሱ ነገር ተሸፍኖ ይቀራል። ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸውን ሴት ለሁለተኛ ጊዜ መሣሪያ ሊያደርጋቸው ነበር።

ሳን ሆዜ ሲደርሱ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። የሻምበል ሳሎን ባዶ ነው ማለት ይቀላል። ጥግ ላይ ጎረቤቷ ነጃት ሻሿን አገጯ ሥር አስራ ተቀምጣለች። እሷ የዕድሩ አባል ስላልሆነች እገዳው አልነካትም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ የምታመጣው እሷ ናት። ልጁ ይዲድያ ከሲያትል መጥቶ ስልክ ላይ በእንግሊዝኛ ያወራል። ሻምበል በጥቁር ሱፍና በነጭ ሸሚዝ፣ ጫማውን አብርቶ፣ ቀጥ ብሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

አደይ አስመረት ገና በሩ ላይ «ዘነቡዬ! እኅቴ!» ብለው ጮኹ። ነጃት ተነሥታ አቀፈቻቸው፤ አብረው አለቀሱ። ሻምበል ተነሥቶ እጃቸውን ሳመ። ከዚያ ሰርፀን አየው።

«ዕድሩ እንዳይመጣ ብያለሁ» አለ።

«ጓደኛህ ሆኜ ነው የመጣሁት» አለ ሰርፀ።

ይዲድያ ስልኩን ዘጋ። «አባ፣ ፊውነራል ሆሙ አራት ሰው ይሰጠናል። ካስኬቱን የሚይዝ። እኔና አንተ ስንጨመር ስድስት።»

«ይሁን» አለ ሻምበል።

«ምን ማለት ነው ይሁን?» አሉ አደይ አስመረት ዕንባቸውን ጠርገው። «ዘነቡን የማያውቃት ቅጥረኛ ሊሸከማት? በዚህ አገር ያለ ሰው ሁሉ የበላው ከእጇ አይደለም? አንደማርያም፣ ልጄ፣ ዛሬ ይቅር በላቸው። ይምጡ በል። ለኔ ስትል።»

ሻምበል አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«አደይ፣ ማንንም አልተቀየምኩም። ሕጉን ከመምህር ጋር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ሰው አስቦበት፣ በገዛ እጁ ስሜን ጽፎ ውጣ ብሎኛል። ዛሬ ሚስቴ ሞተች ብዬ ያን ሕግ ባፈርስ ነገ ለማን ይሠራል? በምሕረት የመጣ ሰው ደግሞ የዘነቡን ሣጥን እንዲይዝ አልፈልግም። እሷም አትፈልግም ነበር። የሕዝብ ቃል ነው፤ እቀበላለሁ።»

አደይ አስመረት ሰርፀን አዩት፤ አንተ ተናገር እንጂ ማለታቸው ነበር። ሰርፀም አሁን የሚሸሸግበት ሰው እንዳለቀበት ተረዳ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

«ሠላሳ ሁለት አይደለም» አለ።

«ምን?»

«ውጣ ያለህ ሠላሳ አንድ ሰው ነው። ሠላሳ ሁለተኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ሸክላውን አውጥቶ የቡናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። «የአደይ አስመረት ድምፅ ነው። አምሃን ጻፍ አሉኝ። አንተን ጻፍኩ። መውጣት የነበረበት አምሃ ነው።»

ደላይት በሩ ላይ እንደቆመች እጇን አፏ ላይ አደረገች።

አደይ አስመረት ሸክላውን አነሡት። ገልብጠው ያዙት፤ ፊደሉ ቁልቁል ሆነ። «የኔ ይቺ ናት?»

«አዎ፣ አደይ።»

«ስንት ወረቀት ላይ በአውራ ጣቴ ፈርሜአለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ጠይቆኝ የጻፈ አንድም አልነበረም። አንተ ጠየቅኸኝ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፣ ሰርፀ። ለዘነቡ ነግሬያት ነበር። መምህር ቃሌን ጻፈልኝ አልኳት።»

ሰርፀ ወለሉን አየ። ሰባ ዓመት ሲኖር እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ለምን?» አለ ሻምበል።

«ፋንታዬ ስትቀበር ወረቀቴን ሳልጨርስ ስላስቆምከኝ።»

በሻምበል ፊት ላይ መጀመሪያ ቁጣ መጣ፤ ከዚያ ቁጣው ሄዶ ሌላ ነገር መጣ፤ ሰርፀ ያን ማየት ከበደው። «ያን ቀን ሠራተኞቹ እንዲቆዩልን ሁለት ጊዜ ለምኛቸው ነበር» አለ ሻምበል። «ሁለት ጊዜ እሺ ብለውኛል። አልነገርኩህም እንጂ።»

ከዚያ ተነሣ። ኮቱን አስተካከለ።

«እንግዲህ ሕዝቡ አላስወጣኝም» አለ። «ደውል። ሁሉንም ጥራ። ግን ምክንያቱን ሳትነግር አንድም ሰው እንዳትጠራ። በአፕ አይሆንም። በአንደበትህ።»

ሰርፀ ጓሮ ወጣ። የመጀመሪያውን ስልክ የደወለው ለአምሃ ነበር።

«ሃሎ ጋሼ፣ ሰላም ነው?»

«አምሃ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እስክጨርስ አታቋርጠኝ።» ነገረው። ያን ቀን መውጣት የነበረብህ አንተ ነበርክ የሚለውንም ሳይዘል ተናገረ።

«ሲሪየስሊ፣ ጋሼ? እኔ እኮ ሰባት ወር ሙሉ ሕዝቡ መረጠኝ ብዬ...» አልጨረሰውም። «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ሰዓት።»

«እየመጣሁ ነው። ለሌሎቹ እኔ ልንገርልዎት? በአንድ ሜሴጅ እኮ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።»

ሰርፀ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ። እሺ ማለት ምንኛ ቀላል ነበር። «አይሆንም፣ ልጄ። እኔው ነኝ የምናገረው» አለ።

ከዚያ ለዕድሩ አባላት በተራ ደወለ፤ ለጉዲና፣ ለዓለምፀሐይ፣ ለዓለሙ፣ ለሰላሙን፣ ለአሲያ፣ ከዚያም ለቀጣዩ። በየስልኩ ያንኑ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረ። «ሸክላውን አሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ።» አንዱ ተቆጣ። አንዷ አለቀሰች። አንዱ «ይህን ከምሰማ ብሞት ይሻል ነበር» ብሎ ዘጋበት። አብዛኛው ሰው ቀብሩ የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀው። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ስልኩ ባትሪ ጨረሰ፤ ደላይት ወጥታ የራሷን ሰጠችው። ፊቱን አላየችውም።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው መቃብሩ በር ላይ መኪኖች ተሰልፈው ነበር። አንዳንዱ ከሥራ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነው የመጣው። ሣጥኑን ስድስት ሰዎች አነሡት፤ ከፊት በስተቀኝ ይዲድያ፣ በስተግራ አምሃ ነበር። ቅጥረኞቹ አራት ሰዎች ጓንታቸውን አውልቀው ዳር ቆሙ። አደይ አስመረት ዘነቡን በስሟ እየጠሩ አለቀሱ፤ ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ሻምበል ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ ሰርፀ ከዛፍ ሥር ሆኖ አየው።

ከቀብር በኋላ ለቀስተኛው ሻምበል ቤት ተመለሰ። ጋራዡ ተጠርጎ ወንበር ተደርድሮ ነበር። ሰው ሁሉ እየገባ ሻምበልን አቅፎ ይቀመጣል። ሰርፀ የመጨረሻው ሆኖ ቀረበ፤ ጫጫታው ቀነሰ።

«አንደማርያም» አለ፤ ሌላው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ «ዛሬ ከስልሳ ሰው በላይ አለ። ስሜን ጻፉና አስወጡኝ። ዓመትም ይሁን ዐሥር ዓመት፤ እሄዳለሁ።»

እውነቱን ነው፤ መሄድ ፈልጎ ነበር። ከዓይናቸው መራቅ ፈልጎ ነበር።

ሻምበል በድካም አየው። «የለም፣ መምህር» አለ። «አንተን ማንም አያስወጣህም። እዚሁ ትኖራለህ። በየወሩ ትመጣለህ፣ በየለቅሶው ከእኛ ጋር ትቀመጣለህ። ስትሞትም እኛ ነን የምንቀብርህ።»

አደይ አስመረት ፊታቸውን ወደ ነጃት መለሱ። አምሃ ከግድግዳው አንድ ወንበር አንሥቶ፣ ዘርግቶ፣ መሐል ላይ አስቀመጠለት።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለው።

ሰርፀ ተቀመጠ።